የዘር ገንዘብ ምን ያበቅላል? የሥነ ሕዝብና የጤና ምርምር ድጋፍ ስለ መጠየቅ

(በቃሊቲ ለወጣት ተመራማሪዎች የቀረበ ንግግር)



የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪ ጥናት የሚሰጠውን አነስተኛ ድጋፍ «የዘር ገንዘብ» እንለዋለን። ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ከቀለቡ ለይቶ ያኖራል፤ ክረምቱ ቢከብድበትም አይነካውም። ስለዚህ አመልካች ሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ገንዘቡ ሲያልቅ ምን በቅሎ ይቀራል?

ለዓመታት ፕሮፖዛል ስገመግም ያየሁት ተደጋጋሚ ችግር የጥያቄው መስፋት ነው። በጥቂት ወራትና በጥቂት ብር የከተማውን የእናቶችና የሕፃናት ጤና በሙሉ እናጠናለን የሚል ማመልከቻ ገምጋሚን አያሳምንም። ትንሽ ገንዘብ ትንሽ ጥያቄን ሙሉ በሙሉ መመለስ ይችላል።

ቡታጅራን እንመልከት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1980ዎቹ አጋማሽ ሥራውን ሲጀምር የመረጠው ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትንና አንድ የከተማ ቀበሌን ብቻ ነበር። ነዋሪው ተቆጠረ፤ ከዚያም ልደቱ፣ ሞቱና ፍልሰቱ በየጊዜው ተመዘገበ። በዚያ መዝገብ ላይ ቆመው በርካታ የዶክትሬት ጥናቶች ተሠሩ። ያን ሁሉ ያፈራው በጥንቃቄ የተያዘ የነዋሪ መዝገብ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ዛሬ የጎደለው ይኸው ነው። በ2007 ቆጠራ የክፍለ ከተማው ሕዝብ 181 ሺህ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ በአንጻሩ እንደ ቱሉ ዲምቱ ያሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል። የጤና ጣቢያ መዝገብ የመጣውን ሕፃን ያሳየናል፤ ታሞ ቤት የቀረውን ግን አያሳየንም። የነዋሪውን ቁጥር ሳናውቅ በሽታ ቀነሰ ወይም ጨመረ ብንል ግምት ብቻ ነው፤ በግምት የተደለደለ ክትባትም አንዱን ሕፃን ሳይደርሰው ይቀራል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ ወሰኑ የታወቀ ጥቂት መንደር ምረጡ፤ ቤቶቹን በሙሉ መዝግቡ፤ በዚያ ላይ አንድ የጤና ጥያቄ ብቻ ጨምሩ። በጀቱ በዋናነት ለመረጃ ሰብሳቢዎች ክፍያና ለመጓጓዣ ይዋል። የፋብሪካ ሠራተኛ ቀን ቤቱ አይገኝም፤ ስለዚህ የምሽትና የእሑድ ጉብኝት በዕቅዱ ይካተት። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የሚወስደው ጊዜም ይታሰብ፤ ያለ እርሱ አንድም በር አይንኳኳም።

የመጨረሻው ነጥብ የተጠኚው ሰው ድርሻ ነው። የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ከ1997 ጀምሮ በዚሁ በአቃቂ የቃጫ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል፤ በወንጂም እንዲሁ። ቫይረሱ በሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ዘንድ እንኳ ሲዲ ፎር የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር ከኔዘርላንድስ ሰዎች ዝቅ ያለ መሆኑን ካሳዩት መካከል ይህ ፕሮጀክት አንዱ ነው። ይህን ዕውቀት ያገኘነው ከሠራተኞቹ ደም ነው። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው ግን በ2005 ነው፤ ያን ቀን ሳያዩ ያለፉ ነበሩ።

ተመራማሪ መድኃኒት ላመጣ እችላለሁ ብሎ ቃል ሊገባ አይችልም። ያገኘውን ውጤት ለሰጪው መመለስ ግን ይችላል። በእያንዳንዱ ማመልከቻ በጀት ውስጥ ውጤቱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለነዋሪዎች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የሚቀርብበት ወጪ በግልጽ ይጻፍ። እኔ ስገመግም ይህን መስመር እፈልጋለሁ፤ ካላገኘሁት ማመልከቻው እንዲስተካከል እመልሰዋለሁ።