ኮምፒውተሩ ከተሰጠ በኋላ



ካናዳ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን እያደሰች ለትምህርት ቤቶች ማደል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። «ኮምፒውተርስ ፎር ስኩልስ» የተባለው የፌዴራል መርሐ ግብር ከመሥሪያ ቤቶችና ከኩባንያዎች የሚሰበሰቡትን ማሽኖች መረጃቸውን ደምስሶ፣ ጠግኖ ያድላል። በቶሮንቶም «ሪቡት ካናዳ» የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ የመስጠቱ አስፈላጊነት ዛሬ አያከራክርም። ሊያነጋግር የሚገባው ከተሰጠ በኋላ የሚሆነው ነው።

በኦንታሪዮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለመመረቅ 2 ኮርሶችን በኢንተርኔት መማር ይጠበቅበታል። ወላጅ ልጁ እንዲቀርለት መጠየቅ ይችላል። ይህ መብት ግን ኮምፒውተር በሌለበት ቤት ምርጫ መሆኑ ይቀርና ግዴታ ይሆናል።

ማሽኑ ቢገኝም ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። «ኮኔክቲንግ ፋሚሊስ» የተባለው መርሐ ግብር ከ2022 ወዲህ በወር በ20 ዶላር ፈጣን መስመር ያቀርባል፤ ከቤተሰቦች መካከል የሚጠቀሙት ግን ከፍተኛውን የልጆች አበል የሚያገኙት ናቸው። የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ አበሉን ስለማያገኝ ከዚህም ይቀራል። ልጅ የሌለው፣ ብቻውን የሚኖር ወጣትም እንዲሁ።

ሌላም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ «ቲፒኤም 2.0» የተባለውን የደኅንነት ሥርዓትና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ ብዙ ጤነኛ ኮምፒውተሮች አይቀበሉትም። እነዚህን በነፃ በሚገኘው ሊኑክስ ማሠራት ይቻላል። ነገር ግን የሚያስረዳ ሰው ከሌለ፣ ያልለመዱት ማሽን ብዙም ሳይቆይ ከአልጋ ሥር ይገባል። ስለዚህ ሥልጠና የስጦታው ምርቃት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ስጦታውን ስጦታ የሚያደርገው እሱ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ ገንዘብ የሚመድቡ አካላት የታደሉትን ኮምፒውተሮች ብቻ ሳይሆን ከ6 ወር በኋላ በሥራ ላይ ያሉትንም ይቁጠሩ።

ሁለተኛ፣ ለቤተሰቦች የሚሰጠው የቅናሽ ኢንተርኔት መብት ከልጆች አበል ጋር ብቻ ታስሮ አይቅር፤ ለጥገኝነት ጠያቂዎችና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ወጣቶችም ይከፈት።

ሦስተኛ፣ ጥገናው ራሱ ትምህርት ቤት ይሁን። የፌዴራሉ መርሐ ግብር ወጣቶችን በክፍያ እያሠራ የእድሳት ሙያ ያስተምራል። ይህ ዕድል ኮምፒውተሮቹ ለሚታደሉባቸው ሰፈሮች ልጆች ቅድሚያ ቢሰጥ፣ በዳንፎርዝ የሚኖር ወጣት ያደሰውን ማሽን ለጎረቤቱ እናት በአማርኛ ወይም በትግርኛ ሊያስረዳ ይችላል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚጠይቀውንም ሰው ያገኛል።