የግድግዳ ባለቤትና የግድግዳ ተመልካች



ዛሬ የምናገረው በከተማ ግድግዳ ላይ ስለሚሣለውና ስለሚጻፈው፣ ግራፊቲ ስለምንለው ነገር ነው። ብዙ ሰው ከቆሻሻ ይቆጥረዋል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ቆም ብሎ ሳያየው አያልፍም። ይህ መስህብ ከየት መጣ? እንደኔ እምነት፣ ግድግዳ በሕግ የአንድ ሰው ንብረት ቢሆንም በፊቱ ላይ ግን በየቀኑ የሚያየው መንገደኛ ሁሉ ድርሻ አለው። የጎዳና ሥዕል የሚስበን ይህን የተረሳ ድርሻችንን ስለሚያስታውሰን ነው። ይህንን በኒውዮርክ ከተማ ታሪክ ላሳያችሁ እወዳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሐምሌ 1971 ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ስለ አንድ ወጣት ጽፎ ነበር። ወጣቱ በተላላኪነት ሥራው ከተማዋን ሲያካልል በደረሰበት ሁሉ «ታኪ 183» ብሎ በማርከር ይጽፋል። ታኪ የቁልምጫ ስሙ ነው፤ 183 የሰፈሩ ጎዳና ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ የሱን ፈለግ የተከተሉ ልጆች በዙ። በማርከር ላይ ስፕሬይ ቀለም ተጨመረ፤ ፊርማው እያደገ ሄዶ የባቡር ፉርጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸፍን ሥዕል ሆነ። ከተማዋ በዕዳ ተይዛ ለመክሰር በተቃረበችበት በዚያ ዘመን፣ ማንም ስሙን የማይጠራው የድሃ ሰፈር ልጅ ስሙ በባቡር ተጭኖ ከተማውን ሁሉ ሲዞር ማየት ቻለ።

የተሳፋሪው ቅሬታም እውነተኛ ነበር። መስኮቱ በቀለም ስለተሸፈነ የት ጣቢያ እንደደረሰ የማያውቅ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። የኛም አገር ሰው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይላል። ሳይጠየቅ የተጻፈበት ሰው እንደተናቀ ይሰማዋል። የትራንስፖርት ባለሥልጣኑ ፉርጎዎቹን ለዓመታት ሲያጸዳ ቆይቶ በግንቦት 1989 የመጨረሻውን የተጻፈበት ፉርጎ ከአገልግሎት አወጣ።

ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች፣ ሌላም ነገር ይካሄድ ነበር። ተከራይ ያጣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሌላ ተከራይ እስኪመጣ ድረስ በጥቁር ወረቀት ይሸፈን ነበር። ወጣቱ ሠዓሊ ኪት ሄሪንግ ይህንን አስተዋለ። ወረቀቱ የማያብለጨልጭ በመሆኑ ነጭ ጠመኔ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ሄሪንግ ከ1980 እስከ 1985 ድረስ በነዚህ ወረቀቶች ላይ ሣለ። ፖሊስ ሳይደርስበት መጨረስ ስለነበረበት አንዴ ያሰመረውን መልሶ አያርምም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዙሪያውን ጨረር የከበበው የሚድህ ሕፃን፣ አፉን ከፍቶ የሚጮህ ውሻ፣ እጃቸውን ዘርግተው የሚጨፍሩ ሰዎች ይወጡታል። ባቡር የሚጠብቀው ሕዝብ ከበብ ብሎ ያየዋል፤ ትርጉሙ ምን እንደሆነም ይጠይቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እጠይቃለሁ። ያ ሰሌዳ ትናንት «ግዙ» ሲል ነበር፤ ነገም «ግዙ» ይላል። በመካከሉ ባሉት ጥቂት ቀናት ግን ከመንገደኛው ምንም የማይፈልግ ሥዕል ይታይበታል። ለማስታወቂያ ገንዘብ የሚከፍል ዓይናችንን ሳያስፈቅድ ሲይዘው ማንም ሕገ ወጥ አይለውም። የጎዳና ሠዓሊ ይህንን አለመመጣጠን በአደባባይ ያሳየናል፤ መስህቡም እዚህ ላይ ነው።

በ1986 ሄሪንግ ሃርለም በተባለው የከተማዋ ሰፈር፣ ከአውራ ጎዳና አጠገብ በሚገኝ የእጅ ኳስ መጫወቻ ግድግዳ ላይ ክራክ የተባለውን ዕፅ የሚያወግዝ ሥዕል ያለ ፈቃድ ሣለ። ተይዞ ተቀጣ፤ ሥዕሉም ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ የከተማዋ የመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ራሱ መልሶ እንዲሥለው ጋበዘው። ሠዓሊው በ1990 በ31 ዓመቱ ቢያርፍም ሥዕሉ እየታደሰ ዛሬም እዚያው አለ።

የባለቤትና የሠዓሊ ክርክር ፍርድ ቤት የደረሰው ግን በዚያችው ከተማ፣ በኩዊንስ ባለ አንድ ሕንፃ ምክንያት ነው። ፋይቭ ፖይንትዝ የሚባለው አሮጌ የፋብሪካ ሕንፃ ባለቤት ሠዓሊዎች እንዲሥሉበት ፈቅዶላቸው ነበር። ከየአገሩ የመጡ ሣሉበት፤ በአጠገቡ በሚያልፈው ባቡር የሚሄደው ሁሉ ያየው ነበር። በኅዳር 2013 ባለቤቱ ሕንፃውን ሊያፈርስ ሲዘጋጅ ሥዕሎቹን በሌሊት ነጭ ቀለም አስቀባቸው። ሠዓሊዎቹ በ1990 የወጣውን የሠዓሊያን መብት ሕግ ይዘው ከሰሱ። በ2018 ፍርድ ቤቱ ለ21 ሠዓሊዎች፣ ለ45 ሥራዎቻቸው፣ 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ወሰነ፤ በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። ዳኛው ሕንፃው መፍረሱን አልተቃወሙም። ያወገዙት ባለቤቱ የማፍረሻ ፈቃድ እንኳ ሳይጠብቅ ሥራዎቹን ማጥፋቱን ነው።

ከዚህ የተሻለ መንገድም አለ። ፊላዴልፊያ በ1984 በግድግዳ ላይ የሚጽፉ ወጣቶችን ሰብስባ፣ በሠዓሊዋ በጄን ጎልደን መሪነት፣ ከነዋሪው ጋር እየተመካከሩ እንዲሥሉ አደረገች። እስከ ዛሬ በከተማዋ የተሣሉት የግድግዳ ሥዕሎች በሺዎች ይቆጠራሉ።

ወደ አገራችን ስመጣ፣ ግድግዳን ማንበብ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን የቅዱሳንን ታሪክ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲያነብ ኖሯል። በዘመናችን ደግሞ የታክሲ ሾፌርና ረዳት የሚለጥፏቸውን ጥቅሶች ተመልከቱ። ተሳፋሪው ያነባቸዋል፣ ይስቅባቸዋል፣ ይከራከርባቸዋል። ማንም አላዘዛቸውም፤ ነገር ግን የማይተዋወቁ ሰዎችን ያነጋግራሉ። ሕዝባችን የጋራ ቦታው እንዲያናግረው ይፈልጋል ማለት ነው።

ስለዚህ ለከተማ አስተዳዳሪዎች፣ ለሕንፃ ባለቤቶችና ለሠዓሊዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለዓመታት የሚቆመው የግንባታ ቆርቆሮ አጥር፣ የድልድይ ሥር፣ የትምህርት ቤት ግንብ ለሠዓሊዎች ይከፈት። ሠዓሊውም ከመሣሉ በፊት የሰፈሩን ሰው ያማክር። ሥዕሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በጽሑፍ ስምምነት ይደረግ፤ ለማጥፋት ሲፈለግም ለሠዓሊውና ለነዋሪው አስቀድሞ ይነገር። ይህን ማድረግ የባለቤቱን ንብረት አይነካበትም። ለተመልካቹ ግን በገዛ ከተማው ውስጥ ድርሻ እንዳለው ያረጋግጥለታል፤ ድርሻ እንዳለው ያወቀ ነዋሪም ከተማውን ይጠብቃል።