የነፋስ ኃይልና የባለማሳው ጥያቄ



ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. በቪንደቢ ጠረፍ ባሕር ውስጥ 11 የነፋስ ተርባይኖችን ከተከለች ወዲህ፣ በየአገሩ የባሕር ዳርቻ ነዋሪ ሕዝብ ሲከራከር ኖሯል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ጠረፍ 130 ተርባይኖች ሊተከሉበት የታቀደው ኬፕ ዊንድ፣ ከ16 ዓመት ሙግት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ቀርቷል። ኢትዮጵያ ወደብ ባይኖራትም ክርክሩ አላለፋትም፤ መቀሌ አጠገብ ያለው የአሸጎዳ ጣቢያ በ84 ተርባይኖችና በ120 ሜጋዋት አቅም በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ አንዳንድ ገበሬዎች በካሳው ቅር መሰኘታቸው ተዘግቧል።

ምሰሶው ራሱ የሚይዘው መሬት ጥቂት ነው። ትልቁ ጣጣ ያለው በመንገዱ ላይ ነው፤ ረዥሙን ክንፍ የሚጭነው ተሽከርካሪ ሰፊ መንገድ፣ መንገዱም የውሃ መውረጃ ቦይ ይሻል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ለምዕራብ ጎጃም ቢታሰብ፣ የክረምቱን ጎርፍ የሚያውቅ የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ገበሬ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ቦዩ ውሃውን በማን ማሳ ላይ እንደሚለቅ ነው። ጥያቄው የመሐንዲስም ጥያቄ ነው፤ (ብዙ ጊዜ ግን የሚነሣው መንገዱ ካለቀ በኋላ ነው።) ስለዚህ ገበሬው የካሳ ቅጽ እስኪቀርብለት ሳይጠበቅ፣ የመንገዱ መስመር ገና በእርሳስ ተሥሎ ሳለ ሊጠራና ጎርፉ በየክረምቱ የሚወርድበትን ሥፍራ በእግሩ እየሄደ ለቀያሹ ሊያሳይ ይገባል።