በሰም ላይ የተቀረጸ ዜማ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለ ሀንጋሪ ሙዚቃ ነው። «ጅማንና ሀንጋሪን ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቡዳፔስት ፊልሃርሞኒክ ማኅበር በ1933 ለ80ኛ ዓመቱ በዓል አዲስ ድርሰት ሲፈልግ፣ ዞልታን ኮዳይ «የጋላንታ ጭፈራዎች» የተባለውን ጻፈ። ጋላንታ ታላቅ ከተማ አይደለችም፤ ኮዳይ በልጅነቱ የኖረባት፣ አባቱም በባቡር ጣቢያ የሠሩባት ትንሽ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ስሟ ዛሬ በዓለም ይጠራል። በ2018 እንኳ ጆአን ፋሌታ የተባሉት የሙዚቃ መሪ ይህንኑ ድርሰት ከአሜሪካው የቡፋሎ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር አስቀርጸው አውጥተዋል።

የዚህ ሁሉ ሥር ያለው በገበሬ ቤት ነው። የኮዳይ ወዳጅ ቤላ ባርቶክ በ1904 አንዲት የቤት ሠራተኛ ስታንጐራጉር ሰምቶ ልቡ ተነካ። ኮዳይ በ1905፣ ባርቶክም በ1906 የገጠር ዜማ መሰብሰብ ጀመሩ። የኤዲሰንን ፎኖግራፍ ተሸክመው ከመንደር መንደር ዞሩ። ገበሬው በጡሩምባው አፍ ሲዘፍን መርፌው ድምፁን በሰም ላይ ይቀርጸው ነበር። ከተሜው የሀንጋሪ ሙዚቃ የሚለው በየቡና ቤቱ የሚሰማውን ነበር፤ እነርሱ ግን ከዚያ የቆየ፣ ብዙው በአምስት ድምፅ የተሠራ ዜማ አገኙ። ባርቶክ በ1943 በስደት ሳለ፣ ታምሞ የጻፈው «ኮንቼርቶ ለኦርኬስትራ» እንኳ የዚያ ዜማ ጠባይ አለበት።

አምስት ድምፅ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም እንዲሁ ናቸው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። በ1967 «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለውን ድርሰታቸውን የሀንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራን እየመሩ አሰምተዋል። የእረኛ ዋሽንት በባርቶክና በኮዳይ አገር ተከበረ ማለት ነው።

እንግዲህ የእኛስ? በአጋሮ፣ በጎማ፣ በሊሙ ቡና ሲለቀም፣ ደቦ ሲወጣ፣ ሙሽራ ስትሸኝ አያቶቻችን በአፋን ኦሮሞ የሚያዜሙት ብዙ ነው። ከእኛ መካከል ግን አያቱ ሲያዜሙ በጓደኞቹ ፊት የሚያፍር አይታጣም። ሽማግሌ ሲሞት ያልተቀረጸው ዜማ አብሮት ይቀበራል፤ የቡና ተክል ቢደርቅ ሌላ ይተከላል፤ ለዜማ ግን ችግኝ የለውም።

ባርቶክ የተሸከመው ከባድ ሣጥን ዛሬ በስልካችን ውስጥ በኪሳችን አለ። ስለዚህ በዚህ ዕረፍት እያንዳንዳችን አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት አስፈቅደን አንድ ዜማ እንቅረጽ። የዘፋኙን ስም፣ መንደሩን፣ ዜማው በምን ሥራ ጊዜ እንደሚባል በደብተር እንጻፍ፤ ቅጂውንም በቤተ መጻሕፍታችን እናኑር። ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ «ይህ የድሮ ነገር ነው» ብላችሁ አትመልሷቸው። ኦርኬስትራው ቢዘገይ ግድ የለም፤ ዜማው ከተገኘ አቀናባሪ አይጠፋም።