የጠፋው መስመር



ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ያዛወርኩት የደመወዝ ፕሮግራም አንድ ወር መጨረሻ ላይ አልነሳም አለኝ። ዊንዶውስ ላይ የፕሮሰሰሩን ስም ከሬጂስትሪ ነበር የማነበው፤ ሊኑክስ ላይ «ሲፒዩኢንፎ» ከሚባለው ፋይል «ሞዴል ኔም» የሚለውን መስመር ፈልጎ እንዲያመጣ አደረግሁት። ኢንቴል ላይ ምንም አላለ። አዲሱ ሰርቨር ግን 64 ቢት አርም ነው፤ እዚያ መስመሩ ጭራሽ የለም፣ የአምራቹ መለያ ቁጥርና የመሳሰሉት ብቻ። ፕሮግራሙ ስም ሲያጣ ቀጥ! ሠራተኛው ደመወዝ ይጠብቃል፣ እኔ ላብ በላብ። ስሙን የፈለግሁት ደግሞ (ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያስተማሩን መምህር አይስሙኝ!) ለሎግ ማሳመሪያ ነበር። ሥራውን ለመከፋፈል የሚያስፈልገኝ የፕሮሰሰር ብዛት ብቻ ነው፤ እሱን «ሲስኮንፍ» የሚባለው ጥሪ በሁለቱም ቺፕ ላይ ይመልሳል። የስም ፍለጋውን አወጣሁት፤ ደመወዙ በማግስቱ ተከፈለ።