ሰው ሳይጠብቀው ስለሚጫን ዊንዶውስና ሳይገለበጡ ስለሚቀሩ ፋይሎች



በዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን እጅግ ደስ ብሎናል። የምንናገርበት ጉዳይ ለበዓል የማይስማማ ደረቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ይኸውም፥ ማንም አጠገቡ ሳይቀመጥ በኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስ በራሱ ሲጫን፥ አብረው ሊገለበጡ የታሰቡት ፋይሎች ስለ ምን ይቀራሉ? መቅረታቸውስ እንዴት ይመረመራል? የሚል ነው።

ጉዳዩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ከፊሉ በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። አንድ ተማሪ አሥራ ሁለት ዓመት የደከመበትን ትምህርት በማውስና በቁልፍ ሰሌዳ እንዲገልጽ ሲጠየቅ፥ እጁ ካልለመደ ዕውቀቱ ብቻውን አያድነውም። ስለዚህ የመለማመጃ ፋይል የሌለበት ኮምፒዩተር፥ ቢበራም ባይበራም ለእኛ አንድ ነው።

ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ስለዚህም ዊንዶውስ 11ን ለመሸከም የሚችሉትን የክፍላችንን ኮምፒዩተሮች እንደ አዲስ መጫን አስፈለገ። በየአንዳንዱ ፊት ተቀምጦ ቋንቋህ የቱ ነው፥ ዲስኩን እንዴት ልክፈለው፥ ስምህ ማን ነው እያለ ለሚጠይቀው ሁሉ መልስ መስጠት የመምህሩን ሳምንት ይበላል። ስለዚህ መልሶቹ አስቀድመው አውቶአናተንድ በሚባል ፋይል ውስጥ ይጻፋሉ። ፋይሉ ከማናቸውም ፎልደር ውጭ በፍላሹ ላይ ይቀመጣል፤ ጫኚውም ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

ጫኚው ጥያቄ መጠየቅ ከጀመረ የመልሱን ፋይል አላገኘውም፥ ወይም መልሱ ጎድሏል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የስም ነው። የፋይሉ ስም መጨረሻ ኤክስ ኤም ኤል መሆን ሲገባው፥ በኖትፓድ ሲጻፍ ቲ ኤክስ ቲ የሚል ሌላ ቅጥያ ይጨመርበታል፤ ዊንዶውስም ቅጥያን የመደበቅ ልማድ ስላለው ሰው አያየውም። ይህ ግን ቀላል ነው፤ ጥፋቱ ራሱ ይናገራልና።

የሚያስቸግረው ዝም የሚለው ጥፋት ነው። ዊንዶውስ በደኅና ተጭኖ፥ ገጹ ተከፍቶ፥ ሁሉ ያማረ ሲመስል፥ መማሪያ መጻሕፍቱ፥ የፈተና መለማመጃዎቹና የአማርኛ ፎንቶቹ የሉም። (ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ከተጨማሪ አማራጮች ጋራ ስለ ተመደበ፥ ካልተጨመረ በእርሱ የተጻፈ የቆየ ሰነድ መልኩ ተለውጦ ይከፈታል።) የስሕተት ማስታወቂያ ግን በማያው ላይ አልታየም።

እነዚህ ተጨማሪ ፋይሎች የሚነሡት ኦ ኢ ኤም የሚሉ ሦስት ፊደላት በሁለት የዶላር ምልክቶች መካከል ከተጻፉበት ፎልደር ነው። በውስጡ የዶላር ምልክትና 1 ቁጥር ያለበት ፎልደር ወደ ሲ ዲስክ ይገለበጣል፤ ሁለት የዶላር ምልክት ብቻ ያለበት ደግሞ ወደ ዊንዶውስ ፎልደር። ሥፍራው ግን ተለዋውጧል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ሲዲ ላይ አይ 386 ከሚባለው ፎልደር ጎን ይቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ከቪስታ ወዲህ ግን ሶርስስ ወደሚባለው ፎልደር ውስጥ ገባ። የቆየ መመሪያ አንብቦ በድሮው ሥፍራ ያኖረው እንደ ሆነ፥ ጫኚው አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል።

ቀጥሎ የሚጠረጠረው ፍላሹ ነው። ለመጫኛ የሚሆን ፍላሽ ብዙውን ጊዜ ፋት 32 በሚባለው ሥርዓት ፎርማት ይደረጋል። ይህ ሥርዓት ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ዊንዶውስ የታመቀበት ዋናው ፋይል ደግሞ ዛሬ ከዚህ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ፍላሽ ፋይሉ በዛብኝ ይላል፤ ጎተራው ሰፊ ሳለ በሩ ጠበበ ማለት ነው። መፍትሔው ዲዝም በሚባለው መሣሪያ ፋይሉን ከፋፍሎ ማስቀመጥ ነው፤ ጫኚው ክፍልፋዮቹን ያውቃቸዋል።

ከዚህ የባሰው በላዩ የተጻፈውን ያህል የማይዝ ፍላሽ ነው። ከአንድ ሱቅ የተገዛ፥ 64 ጊጋባይት የተባለ ፍላሽ በእጃችን ገብቶ ነበር። ፋይሎቹን ሁሉ የተቀበለ መስሎ ስማቸውንና መጠናቸውን ያሳያል፤ ሲከፈቱ ግን ግማሾቹ ውስጣቸው ጠፍቷል። እንግዲህ የፋይል ስም መቁጠር አይበቃም። ሰርትዩቲል በሚባለው ትእዛዝ የዋናውንና የቅጂውን ሻ 256 የሚባል አሻራ አውጥቶ 64ቱን ምልክቶች ማስተያየት ይገባል። አንዲት ብትለይ ፋይሉ ያው አይደለም።

ደግሞ ፋይሉ ደርሶ ሥራው የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ይህም ያልተገለበጠ ያስመስለዋል። ጭነቱ ሲያበቃ እንዲፈጸም የሚታሰብ ትእዛዝ ሴትአፕ ኮምፕሊት በሚባል ፋይል ይጻፋል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ አምራቹ በሰጠው ቁልፍ የተጫነ ከሆነ፥ ከአንዳንድ እትሞች በቀር፥ ዊንዶውስ ይህን ፋይል አይፈጽመውም። እንዲሁም ትእዛዙ ፍላሹ ዲ ነው ብሎ የሚጀምር ከሆነ፥ ፍላሹ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ኢ ወይም ኤፍ ተብሎ ስለሚጠራ ፈልጎ ያጣዋል።

ከግምት የሚያወጣው ግን መዝገቡ ነው። ጫኚው የሠራውን ሁሉ ሴትአፕአክት፥ ያልተሳካለትን ደግሞ ሴትአፕኧር በሚባሉ ፋይሎች ይጽፋል። ጭነቱ ካለቀ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፓንተር በሚባለው ክፍል ይገኛሉ። መንገድ ላይ ከቆመ ሺፍትንና ኤፍ 10ን በአንድነት ስትጫኑ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል። ዲስኩ ገና ካልተዘጋጀ መዝገቡ ያለው በኤክስ ላይ ነው፤ ኤክስም በራም ውስጥ የቆመ ስለ ሆነ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሳታጠፉት መዝገቡን ወደ ፍላሽ ገልብጡት። ብዙ ሰው ተቆጥቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ማጥፋቱን ነው፤ በዚህም ምስክሩን በገዛ እጁ ያጠፋል። መዝገቡ ከተገኘ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር፥ ከዚያ ወደ ሌሎቹ መሄድ ይሻላል። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

በክፍላችን ሦስት ኮምፒዩተሮች ገና አልተጫኑም፤ ሁለቱ ከፍላሽ አንነሣም ብለው፥ አንደኛው ዲስኩ ተጎድቶ ነው። በቀሩት ላይ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መለማመጃዎች ተገልብጠው አሻራቸው ተመርምሯል። ወላጆች ለማየት የፈለጋችሁ እንደ ሆነ ከሻይ በኋላ በሩ ክፍት ነው፤ ልጆቻችሁም ያሳዩአችኋል።