ስለ ማኅበራችን አዳራሽ ቦታ ለጠቅላላ ጉባኤው የተደረገ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ ለአዳራሽና ለሕፃናት መዋያ የሚሆን ግቢ ተገኘ ብለን አብስረናችሁ ነበር። ዛሬ ደግሞ ቀብዱን አልከፈልንም ልንላችሁ ነው የቆምነው። የተቆጣችሁ አላችሁ፤ «ጽሕፈት ቤቱ ተኝቷል» የተባለውንም ሰምተናል። ምክንያቱን ግን አስቀድማችሁ ስሙን።

ግቢው ርካሽ ነው። ለምን እንደረከሰ ብንጠይቅ ሻጩ አድበሰበሰብን። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች እንደተረዳነው ቤቱ ድሮ የቡና መድኃኒት ማከማቻ ነበር። በ1963 ዓ.ም. ግድም የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ከገባ ወዲህ መድኃኒት መርጨት እንደመጣ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ከበርሜል የፈሰሰውን የጠጣው አፈሩ ነው። የውሉ ረቂቅ ደግሞ «ገዢው ያለበትን ሁኔታ አይቶ ተቀብሏል፤ ወደፊት በሻጩ ላይ ጥያቄ አያነሣም» ይላል። እጃችንን የያዘን ይህ ቃል ነው።

እንዲህ ያለ ቃል ሌላ አገር ያመጣውን እንንገራችሁ። በአሜሪካ ናያግራ ፎልስ በምትባል ከተማ ሁከር የተባለ የኬሚካል ኩባንያ ላቭ ካናል በሚሉት አሮጌ ቦይ ውስጥ ከ1942 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. 21,000 ቶን ያህል የኬሚካል ቆሻሻ ቀበረ። አፈር አለበሰውና በ1953 ለከተማው የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠው። በ1 ዶላር! ኬሚካል እንዳለበት በውሉ ተጽፏል፤ ጉዳት ቢደርስ ኩባንያው እንዳይጠየቅም ተጽፏል። ቦርዱ ፈረመ፣ ትምህርት ቤት ሠራ፤ በዙሪያውም የመኖሪያ ቤቶች ተሠሩ።

ውሎ አድሮ ኬሚካሉ ከውኃ ጋር እየሰረገ ቤት ውስጥ ገባ። ሎይስ ጊብስ የምትባል የቤት እመቤት ልጇ እዚያው ትምህርት ቤት ገብቶ ታመመባት። እሷም በየቤቱ እያንኳኳች ፊርማ አሰባሰበች፤ የሰፈሩን ነዋሪዎች በማኅበር አደራጀች። እንደኛ ያለ ማኅበር ማለት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ፤ ሰዉም ቤቱን እየለቀቀ ወጣ። ነዋሪዎቹ ኩባንያውንም፣ ከተማውንም፣ የትምህርት ቦርዱንም ከሰሱ። በ1983 ከ1,300 በላይ የሚሆኑት በ20 ሚሊዮን ዶላር ያህል ክሱን በስምምነት ጨረሱ። ሁከርን የገዛው ኦክሲደንታል ደግሞ በ1994 ለኒውዮርክ ግዛት 98 ሚሊዮን፣ በ1995 ለፌዴራሉ መንግሥት 129 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

እንግዲህ ያ የውል ቃል ሻጩን ጨርሶ አላዳነውም። ግን ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ። ገዢውም አብሮ ተከሰሰ፤ ልብ በሉ፣ ገዢው! ቦርዱ እኮ የልጆች ጠላት አልነበረም። ቦታ የቸገረው ነበር፣ ልክ እንደኛ።

በእኛም አገር ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ከየመጋዘኑ ተለቅሞ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ 1,500 ቶን ያህሉ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ ተቃጥሏል። በርሜል ተጭኖ ይሄዳል፤ አፈሩን ማን ይጭነዋል?

አንዳንዶቻችሁ «ሲሚንቶ እናልብሰው» ብላችኋል። ከግቢው በታች ያሉት ቤቶች የጉድጓድ ውኃ እንደሚጠጡ አትርሱ። አንዲት እናታችን ደግሞ «ልጆቹን ዝናብ ላይ ከማስቀመጥ አይሻልም ወይ?» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ የምንመልሰው አጣን።

ስለዚህ ጉባኤው ሁለት ነገር እንዲፈቅድልን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የአፈሩና የጉድጓዱ ውኃ ናሙና በላቦራቶሪ እንዲታይ፣ ወጪውም ከመዋጮው እንዲሸፈን። ሁለተኛ፣ ያ ቃል ከውሉ ካልወጣ ፊርማችንን እንዳናኖር። አፈሩ ተመርዞ ከተገኘ ደግሞ ቤቱን ገዛነውም ተውነውም ዝም አንልም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንም ሰው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘም በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ፈቅዷል።

በዚያ መጋዘን በቀን ሠራተኛነትም ሆነ በዘበኝነት የሠራችሁ፣ ወይም የሠራ ሰው የምታውቁ፣ በርሜሎቹ የት እንደነበሩና ምን እንደተጻፈባቸው መጥታችሁ ንገሩን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ክፍት ነው።